በአሮጌ መኪና ውስጥ የሚሸት ጭስና ቤንዚን፦ ከየት ይመጣል? ከየትስ ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ደብረ ማርቆስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ የኋላዋ በር ወደ ላይ የሚከፈት ቶዮታ ዲኤክስ አለችኝ፤ ሞተሯ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር መቀላቀያ) የቤንዚን ሞተር ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ዳገት ስወጣና ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ) እየሠራ ቆሜ ስጠብቅ የጭስ ሽታ ውስጥ ይገባል። ጠዋት በሯን ስከፍት፣ ደግሞም ነዳጅ ሞልቼ ስነሣ የሚሸተው ቤንዚን ነው። ባለፈው በዝናብ መስኮት ዘግተን ወደ እንጅባራ ስንጓዝ ሁለቱም ልጆቼን ራሳቸውን አመማቸው፤ ትንሿን አስመለሳት። እናቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በቡና አጠጧቸው። አንዱ መካኒክ አሮጌ መኪና መሽተቱ አይቀርም፣ የኋላ መስኮት ከፈት አድርገህ ንዳ አለኝ፤ ሌላው ካርቡራተሩን በአዲስ ቀይር ይላል። ሽታ እንጂ የሚታይ ጭስ የለም። ለጊዜው ሽቶ ሰቅዬባታለሁ። አደጋ አለው? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

አደጋ አለው፤ የአደጋው መጠንም በጠረኑ ብርታት አይለካም። ልጆችዎን ያመማቸው ምች ሊሆን ይችላል፤ የመኪና ማዞርም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጭስ በሚሸትባት፣ መስኮቶቿ በተዘጉ መኪና ውስጥ በአንድ ጉዞ ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያስመልሰው፣ ሌላ ምክንያት በማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ብሎ መነሣት ግዴታ ነው። እናትዎ ያደረጉት በልምድና በፍቅር ነው፤ ዳማከሴው ግን ወደ ደም የገባን ጋዝ አያወጣም። ስለዚህ ጭሱ የሚያመልጥበትም የሚገባበትም ቦታ ተገኝቶ እስኪደፈን ድረስ በዚህች መኪና ሰው አይጫኑ። ወደ ጋራዥ መውሰድ ካለብዎት ብቻዎን ሆነው፣ ሁለቱን የፊት መስኮቶች እስከ ታች ከፍተው፣ የኋላዎቹን ዘግተው ይንዱ፤ የአየር ማራገቢያው ሲበራ ሽታው የሚጨምር ከሆነም አጥፍተውት ይሂዱ።

«ሽታ እንጂ ጭስ አይታየኝም» ያሉት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ነው። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይንና ጉሮሮም አይቆጠቁጥም። አፍንጫዎ የሚይዘው አብረውት የሚወጡትን ያልተቃጠለ ቤንዚንና ሌሎች ቅሪቶች ነው። የጭስ ሽታ ካለ ጋዙም አብሮ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ሽታው ጠፋ ማለት ግን ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አፍንጫ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምዳልና። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ብርታት ስለሆነ፣ በጥቂቱም ቢተነፈስ እየተከማቸ ይሄዳል። የጭስ ማጣሪያ የሌለው፣ ካርቡራተሩም ቤንዚን የሚያበዛ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ከጭሱ 4 በመቶ ያህሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። እንግዲህ ያስሉት፦ በመኪናዋ ውስጥ ካለው አየር ከሃምሳ እጅ አንዱ ብቻ ይህ ጭስ ቢሆን፣ ከሚተነፍሱት አየር ከሚሊዮን 800 እጁ ገዳዩ ጋዝ ነው። ይህ መጠን ጤነኛ ጎልማሳን በ45 ደቂቃ ውስጥ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ከሚሊዮን 200 እጅ እንኳ ቢሆን ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆዩበት ራስ ያሳምማል፤ ከማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ እንጅባራ መድረስ በዝናብ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ደጋ ላይ መኖራችን ነገሩን ያከብደዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሰውነታችን ይህንን ቢለምደውም፣ ኦክስጅን የሚነጥቅ ጋዝ ሲጨመርበት የሚቀረን መጠባበቂያ ትንሽ ነው። ልጆች ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ከአዋቂው ቀድመው ይታመማሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴትና በማሕፀኗ ያለው ፅንስ፣ እንዲሁም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሁሉ የከፋ አደጋ ላይ ናቸው። በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ወይም የንግግር መዘባረቅ ከታየ መኪናውን አቁሞ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ ነፋስ ማስመታት ይቀድማል። በንጹሕ አየር ውስጥ የጋዙ መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ሕመሙ የበረታበትን ሰው ወደ ሆስፒታል ማድረስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እዚያ ሲደርሱ «ጭስ በሚገባባት መኪና ውስጥ ነበርን» ብለው በግልጽ ይናገሩ። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ የተሸከመውን ደም ኦክስጅን እንደተሸከመ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ በሽተኛው እየተመረዘም ደህና የሚመስል ቁጥር ያሳያል።

አሁን ወደ መኪናዋ ልመለስ። የነገሩኝ ሁለት ሽታዎች የሁለት ብልሽቶች ምልክቶች ናቸው፤ አንድ ዕቃ በመቀየር ሁለቱም አይድኑም። አዲስ ካርቡራተር ከተበሳ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) የሚያመልጠውን ጭስ አያስቀርም፤ በሌላ ወገን የቤንዚኑ ሽታ ማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት የሚሸት ከሆነ ከጭሱ ጋር ግንኙነት የለውም። ሽታው የሚመጣበት ሰዓት ከሽታው ዓይነት ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት መቼ እንደሸተተ በወረቀት ቢይዙ ለመካኒኩ ግማሹን ሥራ ይጨርሱለታል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጫን በማርሚታው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ትንሽ ቀዳዳ ሁሉ ጭስ ትተፋለች፤ ቆመው ሲጠብቁ ደግሞ የሚያባርረው ነፋስ ስለሌለ ጭሱ ከመኪናዋ ሥር ይተኛል። ሁለቱንም ጊዜ ስለጠቀሱልኝ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ከሞተሩ እስከ ወለሉ መሐል ባለው መስመር ላይ ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዱ ብቻ የሚሸት ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላው በር እሄድ ነበር። ማራገቢያው ሲበራ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ምንጩ በኮፈኑ ሥር ነው፤ የውጭ አየር መሳቢያው በፊተኛው መስታወት ግርጌ ስለሚገኝ፣ ከሞተሩ አጠገብ የሚያመልጠውን ጭስ በቀጥታ ስቦ ፊትዎ ላይ ይለቀዋል።

የኋላ መስኮት ከፍቶ መንዳት የሚለውን ምክር ዛሬውኑ ይተዉት። የሚሄድ መኪና አየሩን ከፊቱ እየሰነጠቀ ከኋላው ግፊቱ ያነሰ ቦታ ይተዋል፤ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ በተቆረጠ መኪኖች፣ እንደ እርስዎ ዲኤክስ፣ እንደ ሚኒባስና እንደ ላንድክሩዘር ባሉት፣ ይህ ቦታ ከማርሚታው ጫፍ የሚወጣውን ጭስ እየጠቀለለ ወደ ኋላው በር ይመልሰዋል። የኋላ መስኮት ሲከፈት የውስጡ አየር ወደ ውጭ ይሳባል፤ የጎደለውን ለመሙላትም በተቀደደው የኋላ በር ጎማ በኩል ጭሱ ይገባል። ሾፌሩ ነፋስ ስለነካው ብቻ ንጹሕ አየር ያገኘ ይመስለዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ጆንያ ጭኖ የኋላውን በር በገመድ ከፈት አድርጎ አስሮ መሄድ ነው። በገበያ ቀን ድንችና ጤፍ ጭነው እንዲህ የሚሄዱ መኪኖችን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ከጆንያው ፊት ልጅ ተኝቶ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ አስቆማቸዋለሁ።

ፍለጋው ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ይሂድ፤ የሚሠራውም በማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በደጅ ነው። ብረት ሲግል እየሰፋ ትንንሽ ስንጥቅን ስለሚደፍን፣ ከሰዓት በኋላ የሚመረምር መካኒክ ምንም ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል። ሞተሩ እንደተነሣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚፈጥን፣ ሲሞቅም የሚጠፋ «ጢቅ ጢቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ጭሱን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚቀበለው ማኒፎልድ ተሰንጥቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል ያለው መድፈኛ) ተቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ይህን የቫልቭ ድምፅ እያደረገ ሞተር ያስፈታል። በእርስዎ ዓይነት ሞተር ቤንዚንና አየር የሚገባበትም ጭስ የሚወጣበትም በአንድ ወገን ተደራርበው የታሰሩ ስለሆነ፣ ያ ጓርኒሲዮን ሲያረጅ ጭስ ከመልቀቁ ሌላ አየር ይሰርቃል፤ ሚኒሞውም አልስተካከል ይላል። ጓርኒሲዮኑን ከመቀየር በፊት የማኒፎልዱ ፊት በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ይለካ፤ ጠምሞ ከሆነ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይስተካከል። ይህ ካልተደረገ አዲሱም ጓርኒሲዮን ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል።

ከዚያ ወደ ታች ይወረዳል። መኪናዋ በእጅ ፍሬንና በጎማ ማገጃ ታግዳ፣ ሞተሩም በሚኒሞ እየሠራ፣ አንድ ሰው ጓንት አድርጎ የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሴኮንድ ይያዘው፤ ሌላው ከጎን ሆኖ ያዳምጥ። ጭስ የሚያመልጥበት ቦታ ያፏጫል፤ ቀዝቀዝ ባሉት መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና ውሃ ቢቀባም አረፋ ይደፍቃል። በጃክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚታየው ምልክት ደግሞ ከምጣድ ሥር እንደሚገኘው ያለ ደረቅ ጥቀርሻ ነው፤ ከመጋጠሚያው ተነሥቶ ወደ ኋላ እንደ ላባ ተስሎ ይገኛል። እዚያ ላይ ብቻ መቆም ግን ያሳስታል። ባለፈው ክረምት አንድ ሌላ ስቴሽን ዋገን ወደ እኔ መጥታ ማርሚታዋ ከታች ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ አውርደን ስንገለብጠው ግን በላይኛው ፊቱ፣ ልክ ከኋላ ወንበር ሥር በሚውለው በኩል፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘን። በትክክል ከበላዩ ባለው የመኪናዋ ወለል ላይም ከፋብሪካ የሚመጣው ክብ የጎማ መድፈኛ ወድቆ ባዶው ቀዳዳ በምንጣፍ ብቻ ተሸፍኖ ነበር። ምንጣፉን ስናነሣ ጀርባው በክቡ ልክ ጠቁሯል። ማርሚታ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው፤ በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ሲነዳ ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ውስጡ ይቀራል፣ ይበላዋልም። ስለዚህ በእጅ መታ መታ ተደርጎ ድምፁ የደነዘዘ ማርሚታ ይውረድና ይገልበጥ።

የማርሚታው ጫፍም ከኋላው ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) አልፎ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ሲበሰብስ እየቆረጡ ማሳጠር በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ከወለሉ ሥር የሚተፋ ማርሚታ ግን ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም ጭስ ወደ ውስጥ ማስገባቱ አይቀርም። ቀዳዳን በቆርቆሮና በሽቦ መጠቅለል ጋራዥ እስኪደርሱ ይረዳ እንደሆነ እንጂ ጥገና አይደለም፤ በትክክለኛ ላሜራ መበየድ ወይም መቀየር አለበት።

የጭሱን መውጫ ከደፈኑ በኋላ መግቢያውንም መድፈን ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ሠርቶ መተው ለሚቀጥለው ብልሽት በር ከፍቶ መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ የገጠሩ የጠጠር መንገድ ትልቅ አጋዥ ነው፤ አቧራ የሚገባበት ሁሉ ጭስም ይገባበታልና። በበጋ ከተጓዙ በኋላ መኪናዋን ሳያጥቡ የኋላውን በር ከፍተው ጎማውን በዓይን ይከተሉት፤ አቧራው መስመር ሠርቶ ወደ ውስጥ የዘለቀበት ቦታ ጎማው የተኛበት ወይም የተቀደደበት ነው። በክረምት ደግሞ ቀጭን ወረቀት በጎማውና በበሩ መካከል አድርገው ዘግተው ይሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ በዚያ በኩል አይዘጋም። ሌሊት በጨለማ መብራት ወለሉ ላይ አስቀምጦ ከውጭና ከሥር መመልከትም ብዙ ቀዳዳ ያሳያል። በተለይ የካምቢዮው ዘንግ የሚወጣበት ጎማ፣ የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት፣ ራዲዮ ወይም ሌላ ዕቃ ሲገጠም ሽቦ ለማሳለፍ ተበስቶ የቀረ ቀዳዳና የኋላ መብራቶች ዙሪያ በጥንቃቄ ይታዩ።

አንድ ሌላ ምንጭ በአጭሩ ልጥቀስ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር ጭስ ወደ ታች ወደ ዘይቱ ያሳልፋል፤ መካኒኮች «ሞተሩ ይተነፍሳል» የሚሉት ይህ ነው። ይህን ትንፋሽ ወደ ካርቡራተሩ የሚመልሰው ቱቦ ተነቅሎ ወደ መሬት እንዲለቅ ተደርጎ ከሆነ፣ ሽታው በማራገቢያው በኩል ይገባል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ጭስ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ይህንንም ይጠርጥሩ።

ወደ ቤንዚኑ ስንመጣ፣ ማለዳ በሩን ሲከፍቱ የሚሸት ቤንዚን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመልጥ ያደረ ነው። ይህንን ከሌላ፣ ብዙም ከማያሳስብ ሽታ መለየት ተገቢ ነው። ከዓባይ በረሃ፣ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ከሚለው ድልድይ ተነሥተው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደጀን ሲወጡ፣ የአየሩ ግፊት በአንድ ሰባተኛ ገደማ ይቀንሳል። በታንከሩ ያለው የቤንዚን ተን በዚያው ልክ ይሰፋል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚፈላም፣ ከጋለው ማኒፎልድ በላይ የተቀመጠው ካርቡራተር ሞተሩ ሲጠፋ ቤንዚኑን ያፈላዋል። ደጀን ላይ ቆመው ሻይ ሲጠጡ ለጥቂት ደቂቃ የሚሸት፣ ምንም እርጥበት ሳይታይ የሚጠፋ ሽታ ከዚህ ሊሆን ይችላል። በማርቆስ ብርድ ካደረች መኪና የሚሸተው ግን በሙቀት አይመካኝም፤ የሚያፈስ ነገር አለ።

ነዳጅ ሞልተው ሲነሡ መባሱ ደግሞ ወደ ታንከሩ የላይኛው ክፍል ይጠቁማል፤ ከመሙያው አፍ ወደ ታንከሩ የሚወርደው ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ፋሸታዎቹ (የቱቦ ማሰሪያዎቹ)፣ ትንሿ የመተንፈሻ ቱቦ፣ የነዳጅ ጠቋሚው ክዳን ጓርኒሲዮንና የመሙያው ክዳን ጎማ። ታንከሩ ሲጎድል ቤንዚኑ እነዚህ ላይ ስለማይደርስ ሽታው ይጠፋል፤ ባለቤቱም የዳነ ይመስለዋል። እስከ አፉ ማስሞላትንም ይተዉ። ቤንዚን ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ በአንድ በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ በማርቆስ የማለዳ ብርድ የተሞላ 45 ሊትር ዓባይ በረሃ ሲወርድ 25 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አንድ ሊትር ያህል መሄጃ ያጣል። የማደያው መቅጃ ራሱ ሲቆርጥ በዚያው ይብቃ።

ከፊት በኩል የሚታዩት የነዳጅ ቱቦዎች፣ የቤንዚን ፓምፑና ካርቡራተሩ ናቸው። ቱቦውን በሁለት ጣት ጨምቀው እጥፍ ሲያደርጉት ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ዕድሜው አልቋል፤ በነዳጅ ቱቦ እንጂ በውሃ ቱቦ ወይም ግልጽ በሆነው ላስቲክ አይተካ፤ ላስቲኩ በቤንዚንና በሙቀት ደርቆ እንደ ሸክላ ይሰበራል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽቱ፤ የዘይቱ ልክ ሳይጨምሩበት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የፓምፑ ውስጠኛ ጎማ ተቀዶ ወይም የካርቡራተሩ መርፌ አልዘጋ ብሎ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ አይነሣ፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

ስለ እሳት ያለኝ ማስጠንቀቂያ ጠንካራ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይና በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ስለሚሰጥ የደጋው ብርድ ዋስትና አይሆንም። ክብሪትም ላይተርም ለፍለጋ አይለኮስ፤ የባትሪ መብራት ይበቃል። የሚያፈስ ታንከር ላይ ደረቅ ሳሙና ማሸት መንገድ ላይ ሲቸግር ያደርሳል፤ ከዚያ ቀን ማለፍ የለበትም። ታንከሩ የሚበየድ ከሆነ ከመኪናው ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ተኑ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ይሁን፤ ባዶ የሚባለው ታንከር በተን የተሞላ ስለሆነ ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ይዞ መሄድ በክልላችን የተለመደ ሆኗል፤ በጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ሰው ከተቀመጠበት ክፍል ጋር አብሮ አይጫን። እርስዎም የማለዳውን ሽታ ከመመርመርዎ በፊት ከኋላ የተረሳ ጀሪካን ወይም ቤንዚን የነካው ጨርቅ አለመኖሩን ይዩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይታይ ቱቦ ሁሉ ሲቀየር አይቻለሁ።

ካርቡራተሩን በአዲስ ይቀይሩ ያለዎት መካኒክ በአንድ ነገር ተሳስቷል፣ በሌላው ደግሞ እውነት አለው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ቤንዚኑን ከአሥር በመቶ በላይ ያበዛል፤ ይህም ሽታውንም ካርቦን ሞኖክሳይዱንም ይጨምራል። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚለኩሱትን) አውጥተው ይመልከቱ፤ ጫፋቸው በደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከተሸፈነ በዝቷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ተስተካክሏል። መድኃኒቱ ግን ያለውን ፈትቶ ማጠብ፣ ጓርኒሲዮኖቹንና መርፌውን መቀየር፣ የተንሳፋፊውን ልክ መመለስ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ማረጋገጥና እዚሁ ማርቆስ ላይ በጭስ መለኪያ ማስተካከል ነው። በገበያ የሚገኘው አዲስ ካርቡራተርም ለዚህ ከፍታ ተስተካክሎ አይመጣም፤ ያው ማስተካከያ ይጠብቀዋል። ማስተካከሉ ጭሱ ከተደፈነ በኋላ ይደረግ፤ ማኒፎልዱ አየር እየሰረቀ የተስተካከለ ሚኒሞ ጥገናው ሲያልቅ ይዛባል።

ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ የሚያፈስ ቤንዚን በዓይን ከታየ ያ ቀድሞ ዛሬውኑ ይቁም፤ ካልታየ ገንዘብዎን በመጀመሪያ ከማኒፎልድ እስከ ማርሚታው ጫፍ ባለው መስመር ላይ ያውሉ፤ ቀጥሎ የወለሉን ቀዳዳዎችና የኋላውን በር ጎማ፤ ከዚያ የነዳጅ ቱቦዎችን በሙሉ፣ አንዱን ብቻ ሳይመርጡ፤ ካርቡራተሩ የመጨረሻው ይሁን። ወለሏ በዝገት ተበልቶ ብየዳ የማይዝ ከሆነ ግን እውነቱን ይቀበሉ፤ እንዲህ ያለችው መኪና ለጭነትም ቢሆን መስኮት ተዘግቶ አትነዳም፣ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ አይሳፈርባትም። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ካገኙ መግዛቱ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይተማመኑበት። ለቤት የተሠሩት ብዙዎቹ ከሚሊዮን 70 እጅ በሆነ መጠን ለመጮኽ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት እንዲጠብቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ሕፃን ልጅ ይህን ያህል አይጠብቅም። ጥገናውም ቢያልቅ በክረምት ለመሞቅ ወይም ነዳጅ ወረፋ ላይ ለማደር ሞተር አስነሥቶ መስኮት ዘግቶ መተኛት ለማንኛውም መኪና ክልክል ነው፤ በናፍጣ የሚሠራውም ጋዙ ያንሳል እንጂ ከዚህ ነፃ አይደለም።

ጥገናው ሲያበቃ ብቻዎን ሆነው ይፈትኗት፤ በመጀመሪያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አሥር ደቂቃ ቆመው፣ ቀጥሎ ዳገት ላይ፣ በመጨረሻም በሜዳ በፍጥነት፤ በየመካከሉም ወርደው አፍንጫዎን በንጹሕ አየር አሳርፈው ይመለሱ። ከዚያ በፊት ግን የሰቀሉትን ሽቶ ያውርዱትና መኪናዋን ሁለት ቀን በሮቿን ከፍተው ያናፍሷት፤ ሽቶው እያለ የሚደረግ ፈተና ምንም አይነግርዎትም።